ላልሞተ ልጅ የመጣ መርዶ

«ናቹራል» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ምራቄ አልዋጥ ይለኛል። ጁስ ቤት «ናቹራል ነው» ሲሉ፣ ፀጉር ቤት «ናቹራል ነው» ሲሉ ትቼ እወጣለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ቅብጠት ይመስላቸዋል። ቃሉ እንዴት እንደገማብኝ ዛሬ ላውጋችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

ያኔ በዋግ ኽምራ፣ በደሃና ወረዳ፣ አምደወርቅ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። ትውልዴ ጎጃም ነው። ሥራዬ የስብሰባ ዜና መጻፍ፣ ፎቶ ማንሳትና እንግዳ ሲመጣ አብሮ እየዞሩ አገር ማሳየት ነበር። ስመደብ እናቴ «ልጄን ገደል አፋፍ ላይ ሰቀሏት» ብላ አልቅሳለች፤ እኔ ግን ከተራራውም ከሰውም ጋር ቶሎ ተላመድኩና፣ በዓመቱ ለዕረፍት ስሄድ «አነጋገርሽ ተለወጠ» ተባልኩ። አንድ ባሕርይ አለኝ፣ ቶሎ ይቀፈኛል። ዝንብ ያረፈበትን አልበላም፣ ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ ሳላጥብ አልነካም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ትርንጎ ፈረንጅ ነበረች፣ በስሕተት ጎጃም ተወለደች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ከቆሻሻ ሌላ የሚቀፍ ነገር እንዳለ ገና አላወቅሁም።

እንግዳው ናታን ይባላል። ስለ ሕገ ወጥ ስደት አስተማሪ ፊልም ሊሠራ አንድ ካሜራ ያዥ አስከትሎ ከአዲስ አበባ መጣ፤ እኔም ሰቆጣ ሄጄ እንድቀበለውና አብሬው እንድሰነብት ታዘዝኩ። ለስላሳ ተናጋሪ፣ ሰውን በስሙ እየጠራ የሚያወራ፣ ቦርሳ ልሸከምልሽ የሚል ልጅ ነው። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ወድጄው ነበር።

ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ ስንጓዝ መንገዱ አንጀታችንን ያላውሰዋል። ናታን በመስኮት ተራራውን ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«ትርንጎ፣ ይህ ሁሉ እውነት ባይሆንስ?»

«ምኑ?»

«ተራራው፣ መኪናው፣ እኔ፣ አንቺ። ከእኛ በጣም የሠለጠነ ፍጡር ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫወተው ጌም ብንሆንስ? ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ ትልልቅ ምሁራን የሚከራከሩበት ነገር ነው።»

ሾፌሩ ሳቀ። «ጌም ከሆነማ ይህን ኮረኮንች የሠራውን ሰውዬ አገናኘኝ» አለው።

እኔ ያን ሰሞን መንጋጋዬን እያመመኝ ነበር። «እሺ፣ ጌም ከሆንኩ ጥርሴን ሲያመኝ ማንን ነው የሚያመው?» አልኩት።

«ማንንም። ‹አመማት› የሚል ኮድ ተጽፏል፣ በቃ። እውነተኛ ሕመም እንዲኖር መጀመሪያ እውነተኛ ሰው መኖር አለበት።»

«እንግዲያው ኮዱን ለሚጽፈው ንገርልኝ፣ ሲበርድ ይብስብኛል» አልኩትና ተሳሳቅን። እኔ የመንገድ ማሳጠሪያ ጨዋታ ነበር የመሰለኝ።

ከአምደወርቅ ዕቃውን በአህያ አስጭነን፣ ገደል ወርደን አቀበት ወጥተን፣ ስሟን ከማልጠራት አንዲት መንደር ገባን። ያረፍነው እማ ብርቄ ቤት ነው። ባሏ የሞተባት፣ ሴት ልጆቿን ሰሃላ ወረዳ የዳረች፣ ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት። «እርስዎ» ብዬ ስጀምር «ኧረ አንቺ በይኝ ልጄ፣ ብቻዬን ነኝ፣ አልበዛሁም» ብላ አስተወችኝ። ናታን እሷን የመረጠው በወንድ ልጇ በምስጋናው ምክንያት ነው። ምስጋናው ድምፁ ሳይጎረንን በባሕር ወደ ሳውዲ ሄዷል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ኔትወርክ ጠፋ፤ ሰላም ሆኖ ኔትወርኩ በከፊል ሲመለስም የልጁ ድምፅ አልተመለሰም። «በሕይወት አለ» የሚል ወሬ ግን ከሰው ሰው እየተሻገረ ይደርሳታል። የምትኖረው በዚያ ወሬ ነበር።

ናታን መጠየቅ ይችልበታል። ከደጃፏ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጧት ግማሽ ቀን አወራት። እሷም አወጣችው። ልጁ የሚወዳት ጥጃ ስሟ ማን እንደነበረ፣ ከቅንድቡ በላይ ያለው ጠባሳ ከየት እንደመጣ፣ ሕፃን ሳለ መኝታው ላይ ሸንቶ «ውሻው ነው» ብሎ እንደዋሸና ውሻው ያለ ጥፋቱ እንደተደበደበ፣ ሊሄድ ሲል ምን ብሎ እንደተሰናበታት፣ ሁሉንም። ስታወራ ትስቃለች፣ ደግሞ በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርጋለች። ማታ ላይ እጄን ይዛ «ስለ ልጄ እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ዛሬ ምስጋናው አብሮኝ የዋለ መሰለኝ» አለችኝ።

የዚያኑ ዕለት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ናታን ሽማግሌዎቹን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሰበሰባቸው። ነገ ንጋት ላይ እማ ብርቄ የልጇን መርዶ ስትረዳ የሚያሳይ ትዕይንት እንደሚቀርጽ ነገራቸው። «እሷ ታውቃለች፣ ተስማምታለች። ከአሁን ጀምሮ ግን ማንም ስለዚህ ነገር እንዳያነሳባት፤ ስሜቷ ይቀዘቅዛል» አለ።

በመንደሩ መርዶ የሚናገሩት አያ ተገኘ ናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም። «ለቁም ሰው መርዶ?» አሉ።

«ለትምህርት ነው አባቴ። ሌላዋ እናት አይታ ልጇን እንዳትሰድ።»

«እሷ በአፏ እሺ ብላለች?»

«ብላለች።»

አያ ተገኘ መሬቱን በዘንጋቸው ሲጭሩ ቆዩ። «እንግዲህ የወለደችው ከደፈረች እኔ ምን አግዶኝ» አሉ በመጨረሻ። እኔም ደስ ስላላለኝ ወደ ቤት ስንመለስ መቼ እንደነገራት ጠየቅሁት። «ምሳ ላይ፣ አንቺ ውጪ ሳለሽ» አለኝ። ውጪ ወጥቼ ስለነበር አመንኩት።

ያገሩን ልማድ ለማታውቁ ትንሽ ልንገራችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ለሥራ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ተሰልፈው ይመጣሉ። ያን ሰልፍ ያየ ሰው «ምንድን ነው?» አይልም። የያዘውን ያስቀምጣል፣ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፣ ከኋላ ይከተላል። የማን እንደሆነ መንገድ ላይ ይሰማል፣ ካልሰማም ደርሶ ያየዋል። ናታን የነገረው ለሽማግሌዎቹ ብቻ ነው። ይህን ልማድ አያውቅም፤ እነሱም እንደሚያውቅ ስለመሰላቸው አልነገሩትም።

ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ካሜራ ያዡ ከፊታቸው እየቀደመ ይቀርጻል። ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ፈቀቅ ከማለታችን በሬዎቹን ሊጠምድ የወጣ ገበሬ ቀንበሩን መሬት ላይ ትቶ ተከተለን። ሁለት ሴቶች ጀሪካናቸውን ከመንገድ ዳር አስቀምጠው ሰልፉ ውስጥ ገቡ። ከላይኛው ሠፈር፣ ከታችኛው ሠፈር ሰው እየወረደ እየወጣ ተጨመረ። ናታን ክንዴን ነካ አድርጎ «ይህን እኔ እንኳ አላሰብኩትም፤ ግሩም ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

ከጎኔ ያለች ሴት ሌላዋን «የማን ነው?» አለቻት።

«የእማ ብርቄ ልጅ ነው አሉ።»

ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጭና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አይደለም እኮ፣ ፊልም ነው፣ ካሜራውን አታዪም?» አልኳት። እንደ እብድ አየችኝ። ካሜራማ በዚህ ዘመን ለለቅሶም ለሰርግም ይመጣል።

እማ ብርቄ የጥጃ ጋጣ እየጠረገች ነበር። ሁለት እጇ እስከ ክንዷ እበት ነው። ቀና ስትል ግቢዋ በሰው ተሞልቷል። ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት አየች። እኔ ሞኟ «ትወና የት ተማረች?» እያልኩ ነው። ከዚያ አፈሩ ላይ ወደቀች።

አያ ተገኘ ወጣ አሉ። «ብርቄ ልጄ፣ ቻዪው። ምስጋናውን ባሕር በላው» አሉ፣ ናታን እንዳስጠናቸው።

ጩኸት አልጮኸችም። በእበት የተለወሰውን እጇን አነሣችና ፊቷን ከላይ እስከ ታች ቧጨረችው። ደሙ ከእበቱ ጋር ተደባልቆ በአገጯ ወረደ። ሁለተኛ ደገመችው። ከዚያ በኋላ ነው ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ድምፅ ኡኡታውን ያቀለጡት።

አያ ተገኘ ዘንጋቸውን ጥለው ወደ ናታን ዞሩ። «ይህች ሴት አታውቅም!» አሉ። «አንተ ሰው፣ አታውቅም እኮ!»

እኔ ሮጥኩ። ናታን እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። «አንድ ደቂቃ፣ ትርንጎ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ! እንዴት ናቹራል እንደሆነ አታዪም?» ዓይኑ ያበራል። የሰው ብርጭቆ የማልነካው ሴት እጁን ነከስኩት። አስለቀቅሁትና ሄጄ እማ ብርቄን ካፈር አነሣኋት። «ድራማ ነው! ምስጋናው አልሞተም! ለፊልም ነው!» እያልኩ ጮህኩ። ዓይኗ በእኔ ውስጥ አልፎ ሌላ ቦታ ያያል።

ናታን የበቃውን ያህል ከቀረጸ በኋላ ፈገግ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ መጣ። «እማ ብርቄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ልጅሽ ደህና ነው። ያን ያደረግነው ለፊልሙ ነው» ብሎ አጨበጨበ። ማንም አላጨበጨበም። እልልታ ጠብቆ ነበር መሰለኝ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ።

ያላወቀው ሌላም ነገር አለ። መርዶው ሰው የሚገድል ከመሰለ ቀስ ተብሎ ይነገራል። «ታሟል» ይባላል፣ «ጠንቶበታል» ይባላል። ሐዘንተኛዋ ራሷን ልትጎዳ ነው ከተባለም አንዱ አዋቂ ተነሥቶ «ቆይ፣ ወሬው ስሕተት ነው የሚሉ አሉ፣ እስኪጣራ ታገሺ» ይላታል። የዚያን ዕለት ትተርፋለች፤ እውነቱን በኋላ ልቧ ሲረጋ ትሰማለች። የናታንን ንግግር መንደሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የተረዳው። እማ ብርቄም ጭምር።

«ገብቶኛል ልጄ» አለችው፣ ደሟ እየተንጠባጠበ። «እንዳልሞት ብለህ ነው። እግዜር ይስጥህ።»

አመሰገነችው!

አያ ተገኘ በሽምግልና ጉልበታቸው ፊቷ ተንበረከኩ። «ብርቄ፣ ታቦቱ ይፍረድብኝ፣ ዋሽቻለሁ። ልጅሽ አልሞተም።»

«አያ፣ አባቴን ያረዱኝ እርስዎ ነዎት። ባሌንም ያረዱኝ እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። «እርስዎ በመርዶ አይዋሹም።»

ቅድም የሽማግሌውን ውሸት ያመነችው ሙሉ ዕድሜያቸውን እውነት ስለተናገሩ ነው፤ አሁን እውነታቸውን የማታምነውም በዚያው ምክንያት ነው። ሴቶቹ እማ ብርቄን ደግፈው ወደ ቤት አስገቧት። ፀጉሯን ላጩት። ጎረቤት ዳቦውንም ጠላውንም ይዞ መጣ፤ ለቅሶው ተቀመጠ።

ናታንን ከቤቱ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት። ለለቅሶ ከመጣው ዳቦ ቆርሰው ሰጥተውት እየበላ ነው። «ነይ ብዪ» አለኝ።

«እያየሃት ነው?»

«ነገ ይገባታል። እስቲ በሰከነ መንፈስ አስቢው። ልጇ አልሞተም። ስለዚህ ያዘነችበት ነገር የለም። የሌለ ነገር ላይ ያለ ሐዘን ሐዘን አይደለም፣ የሐዘን ምስል ነው። እንዲያውም ሲገባት ልጇን እንደ አዲስ ትወልደዋለች። ለአንዲት እናት ይህን ያህል ደስታ ማን ሰጥቷት ያውቃል?»

«ፊቷን ቦጭቃለች።»

«ይድናል።» ሌላ ጉርሻ ቆረሰ። «መኪናው ውስጥ ያልኩሽን አስታውሺ። ሁላችንም የሆነ አካል የሚሠራው ፊልም ውስጥ ከሆንን፣ እኔ በእሷ ላይ ያደረግሁት እሱ በየቀኑ በሁላችንም ላይ ከሚያደርገው በምን ይለያል? ለእሱ ትሰግጂለታለሽ፤ እኔን ትነክሺኛለሽ።»

ያንገሸገሸኝ ይህ ነው። ቃሉ ሲሰማ ልክ ይመስላል፤ ቃሉ የሚወጣበት አፍ ግን የለቅሶ ዳቦ ያኝካል፣ ጉንጩ ላይ ፍርፋሪ አለ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሴትዮዋ ታቃስታለች። አጥሩን ይዤ አስመለሰኝ። ከዚያ በፊት እበት አይቼ ነው፣ ቁስል አይቼ ነው የሚያስመልሰኝ። ሰው በክርክሩ ብቻ እንዲህ ሊገማ እንደሚችል ያን ቀን አወቅሁ።

የቀረጸውን እንዲያጠፋ ለመንኩት፣ ሳቀ። ረፋዱ ላይ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። እኔ ቀረሁ።

አያ ተገኘ ምግብ አልቀመሱም። ደጁ ላይ ተቀምጠው «መርዶን የሚመልስ ልማድ የለንም። አባቶቻችን እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል ብለው አላሰቡም» አሉኝ። «አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረን። ራሱን ልጁን ማሰማት።»

የእማ ብርቄ የወንድም ልጅ አምደወርቅ ሱቅ ነበረው። በእግሬ ሄድኩ። እሱ ከአንዱ ስደተኛ ቁጥር ተቀበለ፣ ያኛው ወደ ሌላ መራን፣ ሌላው አልመለሰም። ስልኩ ሲጠራ ይውላል፣ ይቋረጣል። በማግስቱ አንድ ሰው አነሣና «ምስጋናው? እርሻው ላይ ነው፣ ስልክ የሚያገኘው ዓርብ ዓርብ ነው» አለን። ሱቁ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። በሕይወት መኖሩን እኔም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በወሬ እንጂ በእርግጥ አላውቅም ነበር። ናታንም አያውቅም ነበር። ያን «ልጅሽ ደህና ነው» ያላትን ከየት አመጣው?

ዓርብ እማ ብርቄን ኔትወርክ ወደሚይዝበት ተረተር ይዘናት ወጣን፤ እኔና አያ ተገኘ። የተላጨ ራሷን በጥቁር ነጠላ ሸፍናለች፣ ፊቷ ቅርፊት ይዟል። የመጣችው ለእኔ ብላ ነው። «ለእኔ ስትይ መንገላታትሽ ከበደኝ» እያለች ትወጣለች። ምስል የሚያሳይ ጥሪ ሞከርን፣ ኔትወርኩ ድምፅ እንኳ የሚያሳልፈው በግድ ነው። በመጨረሻ ገባ። ድምፁን ጮክ አደረግሁት።

«እማ!» አለ አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ።

እኔ ፊቷን አያለሁ። እሷ ስልኩን ታያለች። «ይሄ የትልቅ ሰው ድምፅ ነው» አለችኝ።

«አድጎ ነው፣ እማ ብርቄ።»

«ይሆናል።»

«ምስጋናው፣ አንተ ብቻ የምታውቀውን ነገር ንገራት» አልኩት። ልጁ ነገራት። የጥጃዋን ስም። ጠባሳውን። ውሻው ያለ ጥፋቱ የተደበደበበትን። ሲሄድ ምን ብሎ እንደተሰናበታት። እያንዳንዱን በተናገረ ቁጥር እማ ብርቄ አንገቷን ይበልጥ ትደፋለች።

«ይህን ሁሉ ለፊልሙ ሰው ነግሬዋለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ ያለ ቁጣ። «ያስቀረሁት የለም። መርዶ መሥራት የቻለ ሰው ድምፅ መሥራት ያቅተዋል? ልጄ፣ አንቺም ደግ ነሽ፣ ተታልለሽ ይሆናል።»

ያኔ ነው የናታን ሥራ ሙሉ ለሙሉ የገባኝ። ያ ሁሉ ለስላሳ ጥያቄ ከእጇ ላይ የልጇን መታወቂያ አንድ በአንድ ወስዶባት ነበር። ልጇ ከፊቷ እየተናገረ፣ የምታውቅበት ምልክት አልቀረላትም።

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ሰምቷታል። ከዚያ አለቀሰ። የትልቅ ሰው ለቅሶ ነው፣ የታመቀ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር። ባገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ የሆነ ነገር ደጋግሞ ይላል። እኔ ቋንቋውን አልችልም፤ «እማ» የሚለውን ብቻ ነው የለየሁት።

እማ ብርቄ አዳመጠች። እስከዚያ ድረስ ስልኩን በእጇ አልነካችውም ነበር። አሁን ከእጄ ወሰደችው፣ ወደ አፏ አስጠጋችው፣ በኽምጣኛ ማውራት ጀመረች። ረጅም ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ሕፃን ሲያስተኙ እንደሚያወሩት ዓይነት። ለቅሶው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ኔትወርኩም ጠፋ።

«ምን አለችው?» አልኳቸው አያ ተገኘን።

ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ «‹ማን እንደሆንክ አላውቅም› አለችው። ‹እያለቀስክ መሆኑን ግን እሰማለሁ። በቃ፣ አይዞህ፣ አታልቅስ። እህል ቀምሰሃል ወይ?› አለችው» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ በኋላ ፊልሙ ሰቆጣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ታየ። ከመሥሪያ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ቅሬታዬን ለሚመለከታቸው ተናግሬ ነበር፤ «ዓላማው ጥሩ ነው» ነበር መልሱ። እማ ብርቄ እጇን ወደ ፊቷ ስታነሣ አዳራሹ ሙሉ ሰው አነባ። እያነባም ብስኩቱን ይበላል። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ወይኔ፣ እንዴት ናቹራል ናት!» ስትል ሰማሁ። ተነሥቼ ወጣሁ። ሲያልቅ የተጨበጨበው ጭብጨባ ውጪ ድረስ ይሰማ ነበር።

ብዙ አሰብኩበት። ዓለም የአንድ ፍጡር ጨዋታ ትሁን አትሁን አላውቅም፤ የማወቅ አቅሙም የለኝ። ግን ናታን ጥያቄውን ከየት እንደጀመረው ልብ በሉ። እሱ «መጀመሪያ ሰውየው እውነት ነው ወይ?» ብሎ ይጀምራል፤ መልሱ እስኪገኝ ድረስ ማሰቃየት የተፈቀደ ይመስለዋል። እማ ብርቄ ግን ዓለሟ በሙሉ ድራማ በሆነባት ሰዓት፣ ከስልኩ ወዲያ ያለው ልጇ ይሁን የተቀጠረ ተዋናይ ይሁን ማሽን ይሁን ሳታውቅ፣ መጀመሪያ አባበለችው። ማንነቱን ለኋላ አቆየችው። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ከላይ የተቀመጠው ናታንን የመሰለ ዳይሬክተር ከሆነ እሱንም ባገኘው እነክሰዋለሁ። ናታንን እንደማይመስል ግን አምናለሁ። ካልሆነ እማ ብርቄ ያን ልብ ከየት አመጣችው?

እኔም ያን ሥራ ተውኩ። የሚያለቅስ ሰው ላይ ካሜራ አልደግንም፤ ሌላ ሰው ሲደግን ካየሁ ጨዋነቴን እረሳለሁ። እናንተም ስልካችሁ ላይ የሰው እንባ ሲመጣ «እውነት ነው ወይስ ሥራ ነው?» ብላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ስትጨቃጨቁ አያለሁ። ሁለቱም ወገን ይቀፈኛል። ሥራ ነው የሚለው አይደነግጥም፣ እውነት ነው የሚለው ደግሞ ደጋግሞ ያየዋል።

ምስጋናው ወረቀት ስለሌለው እስካሁን መምጣት አልቻለም። ፎቶውን ልኮ ነበር፤ እናቱ አየችውና «ልጄ ጢም የለውም» አለች። ባለፈው ለጥየቃ ስሄድ ጥቁሯን አላወለቀችም ነበር። ዓርብ ስለነበር ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ተረተሩ ልትወጣ ስትል ደረስኩ። አብሬያት እየወጣሁ፣ መጠየቄ እያሳፈረኝ፣ «እማ ብርቄ፣ አሁንስ አመንሽ?» አልኳት።

ቆም ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ልጄ ከሆነ አንድ ቀን ይመጣል» አለችኝ። «ካልሆነም እናት የሌለው ነው መሰለኝ፤ ይደውል።»